ከፎጣው ሥር ያለው እጅ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ከበሮዬን ከምድር ቤት እስከዚህ አዳራሽ ራሴ ተሸክሜ እወጣለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር አስገባለሁ። ልጆቼ ከዘራ ገዝተውልኝ በር ማስደገፊያ አድርጌዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ይኼ ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው መርዳሳ ገና በስድሳ ዓመቱ "ደከመኝ፣ ልረፍ" ሲል ሰምታችሁ እንዳታዝኑለት ነው። ልጅ ነው ገና።

እኔንም እኮ ጡረታ አውጥታችሁኛል። በዚሁ አዳራሽ ጋቢ አለበሳችሁኝ፣ ሥጋ በላን፣ የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ የሺዓለም አለቀሱ። በማግስቱ ጋቢውን ቤት ትቼ ሥራ ገባሁ። ወይዘሮ የሺዓለም በሩ ላይ አገኙኝና "ጋሼ አብተው፣ ትናንት ሸኘንዎት እኮ!" አሉኝ። "ሸኝታችሁኛል፤ ተመለስኩ" አልኳቸው። "ደብዳቤውስ?" ሲሉኝ "ለከበሮው አንብቡለት" አልኩ። የሚያነብለት አልተገኘም፤ ይኸው አለሁ።

ወረቀቱ በዝቶ ስታዩ አትደንግጡ። ዘፋኛችን ሊዲ "ፋዘር፣ እኔ ልጻፍልዎት" ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ትንሽ ብትሆንም የኔ ናት። ወረቀቱ የበዛው ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ንግግሩ አጭር ነው። አጭር ማለቴ፣ ለኔ።

መርዳሳ መጀመሪያ የመጣ ዕለት እኔና ጥበቃው ሰንበታ በሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ያን ጊዜ አዳማ ባጃጅ የለም፤ ጋሪ ነው። አንድ ጋሪ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። አንድ ቀጭን ሰውዬ ወረደና መጀመሪያ ረጅም ሳጥን፣ ቀጥሎ አራት የብረት እግር፣ ቀጥሎ ደግሞ ልክ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ነገር እያወረደ ይደረድር ጀመር። ሰንበታ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰው እስኪናገር መጠበቅ አያውቅም።

"ልብስ ሰፊ አለን፤ ሂድ" አለው።

"አካም ጅርቱ" አለ መርዳሳ ኮፍያውን አንስቶ። "ልብስ ሰፊ አይደለሁም፣ ሙዚቀኛ ነኝ።"

"ሙዚቀኛ ከሆንክ ፔዳል ምን ያደርግልሃል?"

"የሙዚቃ ነው።"

"መርፌውስ የት አለ?"

"መርፌ የለውም አልኩህ!"

ሰንበታ ወደ እኔ ዞረና "አየህ፣ ተበላሽቶበት ነው" አለኝ።

እኔ ደግሞ፣ ባለቤቴ እንቁ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ "ያንን ሱሪ አሰፋ፣ አሰፋ" እያለች ሰንብታብኝ ነበር። ሰውየው ዕቃውን ገጣጥሞ፣ ወንበር አስመጥቶ ሲቀመጥ ሱሪዬን ከጓዳ አምጥቼ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረግሁለት። "ከመቀመጫው ላይ ነው የተቀደደው፤ ደርበህ ስፋው" አልኩት።

ሱሪውን አየ። እኔን አየ። ከኪሱ ሦስት ጥፍር የሚመስል ነገር አወጣ። አንዱን፣ የፕላስቲኩን፣ አውራ ጣቱ ላይ፣ ሁለቱን የብረት ከአውራ ጣቱ ቀጥሎ ባሉት ጣቶች ላይ ሰካ። በግራ እጁ አንድ ድቡልቡል ብረት ያዘ። ሰዎች ተሰብስበው ስለነበር እኔም ጨመር አደረግሁ፦ "ከዚህ መተኮሻ ጠረጴዛ ትዝታ ከወጣ፣ ጠረጴዛውን በጀርባዬ አዝዬ ባቡር ጣቢያ ደርሼ እመለሳለሁ!"

ወጣ። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ትዝታ ወጣ። የጋሪው ፈረስ ማኘኩን አቆመ። ሰንበታ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ግን ጀርባዬን አሰብኩና "ይኼ ትዝታ አይደለም፤ የትዝታ ዘመድ ነው" አልኩ። እስከ ትናንት ድረስ በዚሁ ቃሌ ጸንቻለሁ። ሱሪዬም እስከ ዛሬ አልተሰፋም።

መሣሪያውን ለማታውቁት እንግዶች፣ ስሙ ፔዳል ስቲል ጊታር ነው። ወደ ጓዳ በሄድኩ ቁጥር ጉልበቴን ስለሚገጨኝ እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ ወይዘሮ የሺዓለም ስላሉ አልናገረውም። መርዳሳ የዓለም ጤና ልጅ ነው፤ በሽንኩርት ማሳ መሀል ክራር እየደረደረ ያደገ። የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው ይኼን ጉድ አምጥቶ፣ አስተምሮት፣ ሲሄድ አውሮፕላኑ አልችልም ስላለው ጥሎለት የሄደው።

ሰው ሁሉ የሚያየው የመርዳሳን ግራ እጅ ነው። ብረቱ ክሮቹ ላይ ሲንሸራተት ያምራል፤ በስልክ የምታነሱትም እሱን ነው። እግሩንም ታያላችሁ፤ ፔዳሉን ረገጥ ሲያደርግ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል። ሥራው ያለው ግን ቀኝ እጁ ላይ ነው። እኔ ከበሮዬን ይዤ ከቀኙ ስለምቀመጥ አውቃለሁ። ሦስቱ ጣቶች ክሩን ነካ ያደርጉታል። ትንሿና የቀለበቷ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፈው ይተኛሉ። ከዚያ የመዳፉ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ሥጋ፣ ክሮቹ ላይ ወረድ ይላል፤ የቀደመው ድምፅ ዝም ይላል። እጁ ብድግ፣ ጣቱ ነካ፣ እጁ ወረድ። ብድግ፣ ነካ፣ ወረድ። ይኼው ነው። ይኼው ነው ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቀን "ይኼን ሁሉ ክር የምትመታው እንዴት ነው?" አልኩት።

"ጋሼ አብተው፣ መምታትማ አህያም ትመታለች" አለኝ። "ችግሩ ማስቆሙ ላይ ነው።"

"ባይቆምስ?"

"ሁለት ድምፅ በአንዴ ከተናገረ ስብሰባ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም።"

በየሳምንቱ ስብሰባ የምታስተናግደው አዳማ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ታዲያ ይኼ ቀኝ እጅ መድረክ ላይ ብቻ ቢሠራ ጥሩ ነበር። አያርፍም። አንድ ጊዜ ከሞጆ በሚኒባስ ስንመጣ ፊት ለፊቱ ሹሩባ የተሠራች ሴት ተቀምጣለች። እሱ በመስኮት ሜዳውን ያያል፤ እጁ ለብቻው የሴትዮዋን ሹሩባ ይደረድራል። ሴትዮዋ ዞራ "ሰውዬ፣ ፀጉሬ ክራር መሰለህ?" ብትለው፣ ይቅርታ ይጠይቃል ብላችሁ ነው? "እመቤቴ፣ ሦስተኛዋ ረገብ ብላ ነበር" አላት። አዳማ እስክንገባ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ እኔ አብሬው እንዳልመጣሁ ሆንኩ።

መቂ ሠርግ ላይስ? ጥፍሮቹን ሳያወልቅ ምሳ ቀረበ። ዶሮ ወጡ ውስጥ ገባበት፤ ጣቱ ሲወጣ ከሁለቱ የብረት ጥፍሮች አንዱ የለም። ዝም ብሎ ይፈልጋል፤ በሹካ፣ በእንጀራ፣ በዓይኑ። ከወዲያ ማዶ የሙሽራው አጎት አንድ ነገር "ቋ" አደረጉ። መርዳሳ ከተቀመጠበት ዘሎ "አባቴ፣ እንዳይውጡት፣ የኔ ነው!" አለ። ሽማግሌው ከአፋቸው አውጥተው አዩትና "ይኼ ዶሮ የምን ቆርቆሮ ሲበላ ነው ያደገው?" አሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ጥፍር ተጣሞ ስለቀረ መርዳሳ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ሌላ ቆርጦ ሠራ። አንድ ዓመት ሙሉ መድረካችን የተወለወለ ጫማ ሲሸት ከረመ።

አሁን ወደ ፎጣው ልምጣ። ሳቃችሁ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ለማታውቁት፣ መርዳሳ ሙዚቀኛ ካየ ቀኝ እጁን በፎጣ ይሸፍናል። አንዱን ጫፍ እጅጌው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይይዛል፣ ሌላውን መሣሪያው ጠርዝ ላይ ያንጠለጥላል፤ እጁ ድንኳን ውስጥ እንዳለች ሙሽራ ተደብቃ ትጫወታለች። ከአዲስ አበባ የመጡ ጊታር ተጫዋቾች እጁን ለማየት ፊት ለፊት ሁለት ጠረጴዛ ይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ፎጣ አይተው ተመልሰዋል። አንዱ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ መስሎ በጓሮ ዞሮ ሊያይ ሲል መርዳሳ ዘፈኑን ሳያቋርጥ በእግሩ ወንበር ገፍቶ መንገዱን ዘጋበት። "ምነው?" ስንለው፣ "ላብ ነው" ይላል። ስንጨቀጭቀው፣ "ሙያ በልብ ነው" ይላል። የላውንደሪዋ አሰለፈች ደግሞ ፎጣ ጎደለብኝ ብላ የስንት እንግዳ ሻንጣ አስፈትሻለች መሰላችሁ! ስንት ንጹሕ ሰው ተጠርጥሮ ከዚህ ሆቴል ወጥቷል፣ መርዳሳ።

ለምን እንደሚሸፍን አውቃለሁ። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ በሌላ ሰው ፊትም ተናግሮታል፣ ምስጢር አይደለም። ዓለም ጤና ሳለ ገመቹ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ የክራር አደራደሩን አየ። ጥር ሲመጣ ገመቹ በዚያው አደራደር ሠርግ ቤት ይጫወት ነበር፤ መርዳሳ ሽንኩርት ሲያርም ነበር። "ያየ ይወስዳል" ይላል ከዚያ ወዲህ። እውነቱን ነው፤ ያማል።

ነገር ግን አሁን ችግር አለ፤ ስሜንም ለንግግር ያስመዘገብኩት ለዚህ ነው። መርዳሳ ነገ ልጁ ሀኒ ዘንድ ባቱ ይሄዳል። መሣሪያውን ግን ትቶልን ነው። "የሀኒ ቤት ጠባብ ነው፤ ደግሞስ ባቱ ለዓሣ ልጫወትለት?" ይላል። መሣሪያው ላይ ልትቀመጥ የምትፈልገው ሊዲ ናት። ይቺ ልጅ ፎጣ ያልሸፈነውን ሁሉ ተምራለች፤ ግራ እጇ ጥሩ ነው፣ እግሯ ጥሩ ነው። ቀኝ እጇ ግን፣ አትቀየሚኝ ሊዲ፣ ወይ ድምፁን ትለቀውና ስብሰባ ይሆናል፣ ወይ ጉሮሮውን ታንቀዋለች። መርዳሳን "አንዴ ብቻ ያሳዩኝ" ብላ ስትለምነው የነበረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። "ነገ" ይላታል። ነገ ደግሞ ባቱ ነው።

ወይዘሮ የሺዓለምም ቃላቸውን ተናግረዋል። መሣሪያውን የሚጫወት ከሌለ ከመድረክ ይነሳል፤ በቦታው ኪቦርድ ይገባል። አልፈርድባቸውም፤ ሆቴል ነው የሚያስተዳድሩት። ግን መርዳሳ፣ ስማኝ፣ ከመድረክ ሲወርድ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ? ከወዲሁ ያስያዘ ሰው አለ። አሰለፈች፣ ቀና በይ፣ አትደበቂ። "እግሩ ጠንካራ ነው፣ ቁመቱም ለወገቤ ይስማማል፤ ለአንሶላ መተኮሻ ስጡኝ" ብላ ጠይቃለች። አልፈርድባትም፤ ፎጣ አለብህ። እኔ መጀመሪያ ቀን መተኮሻ ጠረጴዛ ብዬ ስሰድብህ እውነት እንዲሆን አልነበረም ሐሳቤ።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ትንሽ ብቻ።

እንቁ ያረፈች ጊዜ፣ ድንኳን ውስጥ፣ እኔ እጮህ ነበር። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፤ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ "ወንድ አይደለህ? በቃህ" ይለኛል። እኔ ደግሞ በቃህ ሲሉኝ የሚብስብኝ ሰው ነኝ። መርዳሳ መጣ። እንደ መድረኩ ሁሉ በግራዬ ተቀመጠ። ጩኸቴ ሲመጣ የቀኝ እጁን መዳፍ ጠርዝ ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። አልጫነኝም። አፌን አልያዘኝም። ጩኸቱ ግን ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ብድግ አደረገ፤ ያኔ ስለ እሷ መናገር ቻልኩ። ሱሪ አሰፋ እያለች እንዴት እንደምትጨቀጭቀኝ ተናገርኩ፣ ሰውም ሳቀ። ሲመለስብኝ እጁ ተመለሰች። ሦስቱንም ቀን እንዲህ ነበር። ብድግ፣ ወረድ። ሰው አይቶ ያጽናናኝ መስሎታል። እኔ ግን ከጎኑ ስቀመጥ የኖርኩ ነኝ፤ ያቺ እጅ ምን እንደምትሠራ አውቃለሁ። ድምፅን አትገድልም፤ ታስተኛለች። የሚቀጥለው ቦታ እንዲያገኝ።

በዚያ ቀን ፎጣ አልነበረም፣ መርዳሳ።

የዚያችን እጅ ክብደት ትከሻዬ ያውቃል። ለሊዲ ልነግራት ሞክሬያለሁ፤ አፌ አልቻለም። እጄን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ "እንዲህ ነው" ብላት፣ "ኧረ ፋዘር፣ ሊሰብሩኝ ነው!" አለች። የከበሮ መቺ እጅ ነዋ። ክብደቷን የሚያውቅ ትከሻ አለኝ እንጂ የሚያሳይ እጅ የለኝም። እጁ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው።

ገመቹ ሠርግህን ወሰደብህ፤ እሺ። ሊዲ ምንህን ትወስድብሃለች? አንተ እየሄድክ ነው። የምትወስደው ነገር ቢኖር አንተ ትተኸው የምትሄደውን ነው፤ እሱን ደግሞ እሷ ካልወሰደችው አሰለፈች ትወስደዋለች። ሙያ በልብ ነው፤ እውነት ነው። ግን መርዳሳ፣ ልብም ጡረታ ይወጣል።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። መርዳሳ ቢራ አይነካም፤ ጣቴን ያልበኛል ይላል። አምቦ ውሃ ቅዱለት፣ ብርጭቆውን በግራ እጁ አስይዙት፤ ቀኙ ሥራ አለበት፣ ገና የስንብት ዘፈን ይጫወትልናል። ባቱ ይስማማህ። ሐይቁ ነፋስ ይስጥህ እንጂ ትንኙን ለጎረቤት ይስጥ። ጣቶችህን ቁርጥማት አያግኛቸው። የሀኒን ልጆች ድረህ ሠርጋቸው ላይ ተጫወት፤ ወጥ ሲመጣ ጥፍርህን አውልቅ። ለመርዳሳ!

አትቀመጡ፤ አልጨረስኩም። ዕዳ ይዤ መሞት አልወድም፤ ልጆቼ እንዲከፍሉልኝም አልፈልግም። ያለብኝን ሁሉ ራሴ እከፍላለሁ።

ያ የወጣው ትዝታ ነበር። ዘመዱ አይደለም፣ ራሱ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ መሣሪያውን በጀርባዬ አዝዬ ባቡር ጣቢያ ደርሼ እመለሳለሁ። ማየት የሚፈልግ ከኋላዬ ይከተል፤ የሚያግዝ ግን እንዳላይ። የሱሪዬን ነገር እኔ ምሬሃለሁ።

ለአሰለፈች፣ ከመርዳሳ ሣጥን ውስጥ የተገኙትን ፎጣዎች በሙሉ አጥቤ፣ ተኩሼ እመልሳለሁ። በደንበኛው መተኮሻ ላይ።

ለሊዲ የመቀመጫ ዕዳ አለብኝ። ከመርዳሳ ቀኝ ያለውን ቦታ ይዤ አላስጠጋኋትም። ሊዲ፣ ነይ፤ ያ የከበሮ በርጩማ ዛሬ ያንቺ ነው። እኔ ቆሜ እመታለሁ፤ እችላለሁ።

ለእንቁ ደግሞ የቆየ ዕዳ አለብኝ። "ያንን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ በለው" ትለኝ ነበር። "ይንቀባረርብኛል" እላት ነበር። መርዳሳ፣ ጎበዝ ነህ። ገለቶሚ። እንቁ፣ ይኼው ብያለሁ።

አንድ ዕዳ ቀረኝ። መርዳሳ፣ ዛሬ ጠዋት ከመሣሪያው ላይ ጠፍቶብህ አሰለፈችን ስታስጨንቃት የዋልክበት ፎጣ ኪሴ ውስጥ ነው። እሱንም ራሴ እመልስልሃለሁ፤ ከዘፈኑ በኋላ።